የተራበ ውሻ ዘበኛ አይሆንም

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ስለ ውሻ ነው። "ይሄ ልጅ ሥራ ፈታ እንዴ?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ውቀሱኝ።

ነገሩን ያነሣሣው ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የነበረ ቪዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ በሚባለው ግዛት፣ አንድ ሰውዬ የወፍ አደን ውሾችን እያረባ ያሠለጥናል። የቀን ውሎውን ነው የሚያሳየው። እዚህ ያየው ሁሉ ሳቀ። "ለውሻ ይሄ ሁሉ? ፈረንጅ ሲጠግብ!" ተባለ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰውዬው የሚሠራው የቅንጦት ሥራ አይደለማ። እኛ ለበሬ የምንሠራውን ነው እሱ ለውሻ የሚሠራው።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። መጀመሪያ የሚይዘው አካፋና ውኃ ነው፤ የእያንዳንዱን ውሻ ማደሪያ ይጠርጋል፣ ያጥባል። ሲጠርግ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠርግም። ማን አስቀመጠው፣ ማን ደም ቀላቀለ፣ የማን ላይ ትል ታየ እያለ ያያል። በሽታ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ውኃ ይቀይራል። ከሜዳ ሲመለሱ የእያንዳንዱን መዳፍ ገልብጦ እሾህ ይፈልጋል፣ ጆሮ ውስጥ የገባ የሣር ፍሬ ይለቅማል። ዋናውን ምግብ የሚሰጠው ከሩጫ በኋላ አረፍ ሲሉ ነው፤ በጠገበ ሆድ ብዙ የሚሮጥ ውሻ ሆዱ ተነፍቶና ተጠምዝዞ ሊሞት ይችላል። ማን ከማን ተጠቃ፣ መቼ ወለደች፣ መቼ ተከተበ፣ ሁሉም በደብተር ይጻፋል። ሥልጠናው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለቡችላ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው።

የሚያሠለጥነው ደግሞ ፖይንተርና ሴተር የሚባሉ ዝርያዎችን ነው። እነዚህ ውሾች ድርጭት ወይም ቆቅ የመሰለች ወፍ በሣር ውስጥ ተደብቃ ሲያሸቷት አያባርሯትም። ቀጥ ነው የሚሉት። አንድ እግር ተነሥቶ፣ ጭራ ተወጥሮ፣ አፍንጫ ወደ ወፏ ዞሮ፣ አዳኙ እስኪደርስ ድረስ እንደ ተተከለ እንጨት ይቆማሉ። የመቆሙ ፍላጎት በዘር የመጣ ነው፤ ወፏ ብር ብላ ስትነሣም ሳይንቀሳቀሱ መጽናት ግን በትምህርት ነው። ረጅም ገመድ፣ ለልምምድ የሚያዙ እርግቦች፣ ብዙ ትዕግሥት። የጠመንጃ ድምፅም የሚለምዱት በደረጃ ነው። ውሻው በሚወደው ነገር ተጠምዶ ሳለ መጀመሪያ ከሩቅ ቀለል ያለ ድምፅ ይሰማል፣ በየቀኑ ትንሽ ይቀርባል። የእኛስ ውሻ? ሠርግ ላይ አንድ ጥይት ሲተኮስ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን የሚመጣው በፍርሃት ነው እንጂ በሌላ አይደለም። (ቆቅ አደን ጀምሩ እያልኩ አይደለም። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፣ እናንተም ታውቃላችሁ።)

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ውሻ የምንይዘው ለምንድነው? ለጅብ፣ ለቀበሮ፣ ለሌባ፣ ለዝንጀሮ። ማለትም ለሥራ። በጉን የሚጠብቅ፣ በቆሎውን የሚጠብቅ፣ ሌሊት እኛ ስንተኛ የማይተኛ ሠራተኛ ነው። ለዚህ ሠራተኛ የምንከፍለው ምንድነው? ምንም! ይባስ ብሎ ማስራብን እንደ ዘዴ ይዘነዋል።

አንድ አባት በአንድ ስብሰባ ላይ "ልጄ፣ የጠገበ ውሻ ይተኛል፤ የተራበ ነው የሚነቃ" አሉኝ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ለእርሳቸው ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። አባባ፣ የተራበ ውሻ ነቅቶ የት ነው ያለው? እናንተ ቤት ነው? አይደለም። ሌሊት ምግብ ፍለጋ ቄራ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ የጎረቤት ዶሮ ቤት ነው ያለው። ሌባ አንድ ቁራሽ እንጀራ ቢወረውርለት ጭራውን ይቆላል። እንቁላል የሚሰብር፣ የሞተ ጥጃ የሚጎትት፣ ከማያውቀው የውሻ መንጋ ጋር የሚናከስ እሱ ነው። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" ያሉት እኮ የራሳችን አያቶች ናቸው። ባልበላበት ይጮሃል ያለ ማንም የለም።

ጆሮ መቁረጡስ? ጆሮው ሲቆረጥ ንቁ ይሆናል ይባላል። የሚሰማው የውስጠኛው ጆሮ ነው፤ የተቆረጠው ክዳን ንቃት አይጨምርም። የሚተርፈው ቁስልና የዝንብ እጭ ብቻ ነው። ቁጡ ይሁን ብሎ በርበሬ የሚያቀምስ፣ ዓመት ሙሉ ሰንሰለት ላይ የሚያከርምም አለ። ሁልጊዜ የታሰረ ውሻ ፈሪ ወይም ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ይሆናል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ ደግሞ የሚነክሰው ሌባውን አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ልጅ ነው።

ሴት ቡችላ መጣል ደግሞ ሌላው ጉዳችን ነው። ወንድ ወንዱ ይመረጣል፣ ሴቶቹ በኬሻ ተደርገው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ለላምና ለበግ ሲሆን ዘር እንመርጣለን፣ "የእናቷ ወተት እንዴት ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ለውሻ ሲሆን መንገድ ላይ ማንም ከማንም ተጠቅቶ የተወለደውን እናነሣለን፣ ከዚያ "የዘንድሮ ውሻ ሰነፍ ነው" ብለን እናማርራለን። ያ የሳቅንበት ሰውዬ ቤቱ የቆመው በሴቶቹ ነው። ጥሩ እናት ካለችው ዘሩ አለ። ደብተር ባይኖራችሁም እንኳ በጉን የማትነካ፣ ልጅ የማትነክስ፣ ሌሊት ከግቢ የማትወጣ ሴት ውሻ ካለች ዘሯን ጠብቁ። ስትፈልግ (ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው) ለ3 ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ አስቀምጧት፤ አለበለዚያ የወረዳው ወንድ ውሻ ሁሉ ደጃችሁ ላይ ሲናከስ ያድራል። ከተጠቃች በኋላ እርግዝናዋ 2 ወር ከ3 ቀን ገደማ ነው። ቡችላውን ከእናቱ ሥር በ3 ሳምንቱ መንጠቅም ይቅር። ዓይኑን ከከፈተ ገና አንድ ሳምንቱ ነው እኮ! ቢያንስ 7 ወይም 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ይቆይ። የመንከስን ልክ የሚማረው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር ወርቅ ነው። በግ ጠባቂ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በዚህ ዕድሜው ከበጎቹ አጠገብ ይደር፣ እነሱን እያሸተተ ይደግ፤ ሲያድግ የራሱ መንጋ ይመስሉታል። ግልገል ሲያባርር ካያችሁ በዚያው ሰዓት ከልክሉት እንጂ ማታ ቤት ሲገባ አትምቱት፤ ለምን እንደተመታ አያውቅም። ስም ስጡት፣ በስሙ ጥሩት፣ ሲመጣ ቁራሽ ስጡት። ጠርታችሁት ሲመጣ ከመታችሁት ግን ሁለተኛ አይመጣም። እኔም ብሆን አልመጣም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ብዙዎቻችሁ ቤት በግ አዙሪት ይይዘዋል። በጉ በአንድ በኩል ይዞራል፣ አንገቱን ያዘማል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ቡዳ ነው፣ ንፋስ ነው ይባላል። የምታርዱትን የታመመ በግ ጭንቅላት ክፈቱት፤ አንጎሉ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ታገኛላችሁ። ያ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ጭንቅላቱን ለውሻው ጥሬውን ስትጥሉለት እጩ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ በጉ ይግጠዋል። ዞሮ ዞሮ በጉን የገደለው የእኛው እጅ ነው ማለት ነው። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እብጠትም የሌላ የውሻ ትል ነው፤ ይሄኛው ግን ሰውንም ይይዛል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል፤ እንቁላሉ ይገባል፤ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ነው።

ስለዚህ በበዓል እርድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ጉበት፣ ሳንባና የበግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አይጣል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ይቀቀል ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ውሻውም የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ለዚህኛው ትል ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው። ገበያ ከገዛችሁት የበግ ክኒን ቆርሶ መስጠት ሳይሆን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በክብደቱ ልክ ይስጠው።

የእብድ ውሻ በሽታን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያላየ ቀበሌ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ከ100 ሰው 99 ያህሉን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ቢባል ይቀላል። የእኛ መልስ ምንድነው? ከሰው አንድ ሲሞት መርዝ መበተን። ውሻ ይገደላል፣ ጥንብ አንሣው አብሮ ያልቃል፣ በስድስት ወር ውስጥ ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችላዎች ቦታውን ይሞሉታል። በሽታውን የሚቆርጠው ከ10 ውሻ 7ቱን በየዓመቱ መከተብ ነው። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ባሌ ላይ ከገበሬ ውሻ የተነሣ ይህ በሽታ ስንቱን ቀይ ቀበሮ እንደፈጀ ብታውቁ፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ አውሬ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም።

የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ፀበል አትሂዱ አላልኩም፤ ክትባቱ ሳይጀመር ግን አንድም ቀን አይለፍ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለውና ማሰር ከተቻለ አትግደሉት፤ 10 ቀን ታስሮ ይታይ። ሕክምናው ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም። ኮሌጅ ስማር ስለ ዶሮ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ስለ ውሻ አንድ ገጽ አልነበረም። በየዓመቱ የሚወጣው የእንስሳት ቆጠራ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ግመል፣ ዶሮ፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር ይቆጥራል። ውሻ የለም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ክትባት አይመደብለትም። የከብት ክትባት ዘመቻ ሲመጣ "የውሻስ?" ብዬ ስጠይቅ የበላይ ኃላፊ የሆነ ሰው ሳቀብኝ። እንግዲህ ሳቁን የጀመርነው እኛ ገበሬዎቹና ሠራተኞቹ ብቻ አይደለንም።

"ለልጆቼ ያልበቃኝን ለውሻ ከየት ላምጣ?" የሚለው ጥያቄ ግን የሚናቅ አይደለም። የታሸገ መኖ ግዙ አላልኩም። የበቆሎ ወይም የገብስ ገንፎ፣ የቅቤ አጓት፣ የተቀቀለ ትርፍራፊ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በቀን አንዴ በተወሰነ ሰዓት። ይሄም ካቃተ ሦስት ውሻ አትያዙ። አንድ ያዙ። አንድ የጠገበ፣ የተከተበ፣ ስሙን የሚያውቅ ውሻ አምስት የተራቡ ከሚሠሩት በላይ ይሠራል።

የእኛ ቀበሌ ሰዎች፣ ስንት ውሻ እንዳላችሁ፣ ወንድና ሴቱን ለይታችሁ በስልክ ላኩልኝ። ቁጥሩን ይዤ ለወረዳ ክትባት እጠይቃለሁ፤ ያለ ቁጥር ስጠይቅ ነው የሚሳቅብኝ። ሌላ ቀበሌ ያላችሁም የእንስሳት ጤና ባለሙያችሁን እንዲሁ አድርጋችሁ ጠይቁ። ክትባቱ ሲመጣ ውሻውን በገመድ አስራችሁ የሚያውቀው ሰው ይዞት ይምጣ፤ በልጅ እጅ አትላኩት። ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ሲሻለው እመልሳለሁ።