ሳናነብ አንፈርም!

የምረቃው ቀን ሲቃረብ ለአንዳንዶቻችን ከግል ትምህርት ቤት የሥራ ውል ይመጣል። ደመወዙን እናያለን፤ ደስ ይለናል፤ እንፈርማለን። ታዲያ የቀረውን ማን ያንብበው?

ሰሞኑን አንዱን ውል ዶርም ውስጥ ተሰብስበን አነበብነው። ደመወዙ በወር 6000 ብር ነው፤ የሚከፈለው ግን 10 ወር ብቻ። ሐምሌና ነሐሴ ምንም የለም። ሌላ ትምህርት ቤት 5200 ብር ለ12 ወር ይከፍላል። ብንደምረው 60000 እና 62400! ትልቅ የመሰለን አነሰ።

የሙከራው ጊዜ ደግሞ 6 ወር ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከሁሉ የከፋው ኦርጅናል ዲፕሎማ ይያዛል የሚለው ነው። ማስረጃው የተያዘበት ሰው ቢከፋው እንኳ የት ይሄዳል?

«ሥራ በጠፋበት ጊዜ ምን ይመረጣል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ችግሩ የኛም ነው፤ እምቢ በሉ አንልም። እናንብብ፣ እንደምር፣ «ይህ ይስተካከል» ብለን እንጠይቅ፤ ዲፕሎማውን ኮፒውን እንጂ ኦርጅናሉን አንስጥ። መምህሮቻችንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው ውል ቢያስነብቡን ምናለበት?

ነገ ተማሪን «አንብብ» የምንል ሰዎች የራሳችንን ውል ሳናነብ ብንፈርም አያምርብንም።