ኮርማ የሌለው መንጋ

ኮርማው ሁሉ ከታረደ ላሟ እንደማትወልድ ለእናንተ አይነገርም። የባሕርም መንጋ እንዲሁ ነው።

ሃሙር የሚባል ዓሣ አለ። በቀይ ባሕርና በዐረብ አገሮች ዳርቻ፣ በውኃ ውስጥ ባለ ቋጥኝ ሥር ይኖራል። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። አፉ ሰፊ ነው። አድብቶ ይጠብቅና ያገኘውን ዓሣ እንዳለ ይውጠዋል። ሥጋው ነጭ ነው። በዱባይና በአቡዳቢ ተጠብሶ ከሩዝ ጋር ይበላል። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅት ካለች ጠይቋት፤ ታውቀው ይሆናል።

የሚገርመው ይህ ነው። ሃሙር መጀመሪያ ሴት ነው፤ እንቁላል ይጥላል። ዓመታት አልፈው ሲተልቅ ወደ ወንድነት ይለወጣል። ታዲያ ትልልቁ ሁሉ ቢጠመድስ? ወንዱ ያልቃል። ትንሹም እንቁላል ሳይጥል ከተያዘ ዘር አይተርፍም።

ዓሣ አጥማጆች በሽቦ ወጥመድ ብዙ ስለያዙት ሃሙር ተመናመነ። አቡዳቢም በ2011 ዓ.ም. ወጥመዱን ከለከለች። ባሕር ሰፊ ነው፤ ግን ያልቃል።

ጥያቄ፦ እናንተስ ከምርታችሁና ከከብታችሁ ለዘር የምታስቀሩት የቱን ነው? ለምን? በደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ።