«መጠጥ ትጠጣለህ?» ብዬ ያልጠየቅኩት ቀን

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት አንድ ወጣት እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጥምቆት መጣ። የወባ ምርመራ አዘዝኩ። ስለ መጠጥ ግን አልጠየቅኩም። ሊነጋ ሲል ጣለው። እናቱ «ዶክተር፣ ከትናንት ጀምሮ መጠጥ በቃኝ ብሎ ነበር» ያሉኝ ያኔ ነው።

ልጁ ተርፏል። ሲረጋጋ ስናወራ፣ ለካ ድባቴ ነበረበት፤ እንቅልፍ ሲያጣ ነው መጠጣት የጀመረው። ቀን ጫት፣ ማታ ደግሞ ለጨብሲ መጠጥ። ሱሱን ብቻ አክመን ድባቴውን ብንተወው ተመልሶ ይመጣል።

እኛ ሐኪሞች «ሰው ያፍራል» ብለን አንጠይቅም። ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውን የዶ/ር አታላይ ዓለምና የባልደረቦቻቸውን የቡታጅራ ጥናት እዩ። ቤት ለቤት ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው፣ ግማሾቹ ጫት እንደሚቅሙ ተናግረዋል። ሰው ካልተፈረደበት ይናገራል!

በኔ እምነት ስለ ጫት፣ መጠጥና እንቅልፍ መጠየቅ የደም ግፊት እንደመለካት የየዕለት ሥራችን መሆን አለበት።

እናንተም፦
✅ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን በድንገት አያቁም። ማቆሙ ጥሩ ነው፣ ግን በሐኪም ክትትል ይሁን፤ መድኃኒት አለው።
✅ ካቆመ በኋላ ከተንቀጠቀጠ፣ ከጣለው፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ከቀባዠረ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።
✅ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ ንገሩት።

ሱስ ህመም እንጂ ብልግና አይደለም። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት 🙏