ስለሠራው ጠይቁት

«እስቲ ራስህን አስተዋውቅ። ጠንካራና ደካማ ጎንህ ምንድን ነው? ለምን እኛን መረጥክ?» የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት ዛሬም የሚጠየቀው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። መልሱን ሸምድዶ መጥቷል፤ ጠያቂዎቹም ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። ነጥቡ ለአንደበተ ርቱዕነት፣ ለአለባበስ፣ ሲብስም ለዘመድና ለትውውቅ ይሆናል። በዚህ መንገድ ስንት ጥሩ ሠራተኛ በር ላይ እንደቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የትምህርት ውጤት ብቻውን የሥራ ብቃትን አያሳይም ብሎ ተከራክሯል። በብቃት ላይ የተመሠረተ ቃለ መጠይቅ የዚሁ ሐሳብ ውጤት ነው፤ አመልካቹ ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ ይጠይቃል። እኛም ለሐሳቡ እንግዳ አይደለንም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና የኤሌክትሪክ ሙያተኛውን «ሠርተህ አሳይ» ይለዋል። ቢሮ የሚገባው ሲሆን ግን ወሬ ይበቃናል።

ባንክ ካሸር ሊቀጥር ነው እንበል። «ታማኝ ነህ?» ቢሉት «አይደለሁም» የሚል የለም። «ሂሳብ ስትዘጋ ገንዘብ የጎደለበትን ቀን ንገረን። መጀመሪያ ምን አደረግህ? ለማን፣ መቼ ነገርክ? ልዩነቱ ከየት መጣ?» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ያልሠራበት ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይንተባተባል። የሠራበት ደረሰኝ በደረሰኝ ይተርክላችኋል።

እዚህ ላይ ጠያቂው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ የራስን ሥራ መናገር ጉራ ስለሚመስል፣ ትሑቱ አመልካች የክፍሉን ሥራ ሁሉ በጋራ ያወራል። «አንተ በግልህ የትኛውን ሠራህ?» ብሎ መግፋት የጠያቂው ድርሻ ነው። ልምድ የሌለውን ምሩቅም ስለ ተግባር ልምምዱ፣ ስለ ቡድን ጥናቱ፣ በሰፈሩ ስላስተባበረው ሥራ መጠየቅ ይቻላል።

ዘዴው መድልዎን ጨርሶ አያጠፋም። ነገር ግን ሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቀ፣ እያንዳንዱ ጠያቂም ከሌሎቹ ጋር ሳይመካከር ነጥቡን በጽሑፍ ከሰጠ፣ በስልክ የመጣ አደራ መግቢያው ይጠብበታል።

የሰው ሀብት ኃላፊዎች ሆይ፣ ጥያቄዎቹንና ነጥብ የሚያሰጠውን መልስ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ጻፉ። ያልተመረጠው አመልካች «ለምን ወደቅሁ?» ብሎ ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት ይኑራችሁ።