ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር የቆቦ ተማሪ ምን ይጠብቀዋል?

የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገረ ነው። በ2016 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ 30 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ፈተናውን በበይነ መረብ ወስደዋል፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ ሆኗል። በራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ አምርቶ ልጁን እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰ አርሶ አደርም ሆነ የቆቦ፣ የጎብዬና የሮቢት ነዋሪ ሊያነሳው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ ከኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ የሚመዘነው የእንግሊዝኛ ችሎታው ነው ወይስ ማሽኑን መልመዱ?

ለውጡ የመጣው ከፈተና ስርቆት ጋር በተደረገ ረጅም ትግል ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም የተጀመረው ፈተና በዚያው ዕለት ተሰርዟል፤ ምክንያቱ ደግሞ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ መሰራጨቱ ነበር። ፈተናው በሐምሌ እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለቀናት ተዘግተው ቆይተዋል። የ2012 ዓ.ም ተፈታኞች በታብሌት ይፈተናሉ ተብሎም ነበር፤ ታብሌቶቹ በጊዜው ባለመድረሳቸው ፈተናው ተመልሶ በወረቀት በ2013 ዓ.ም ተሰጠ። ከዚያም በጥቅምት 2015 ዓ.ም ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በዚያ እያደሩ መፈተን ጀመሩ።

ይህ አሠራር ፈተናውን ከሌባ ጠብቋል፤ ተማሪውን ግን ከቤቱ አርቋል። ከቆቦ ቅርብ የሚባለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጸጥታው ባልተረጋጋበት ጊዜ ልጅን በተለይም ሴት ልጅን ለፈተና ከቤት መሸኘት ለወላጅ ምን ያህል እንደሚከብድ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የኮምፒዩተር ፈተና ለራያ ቆላ ሊያመጣው የሚችለው ትልቁ ጥቅም በዚህ ጸሐፊ እይታ እዚህ ላይ ነው። የጥያቄ ወረቀት በመኪና ተጭኖ፣ በጥበቃ ታጅቦ መጓዙ ከቀረ፣ ተማሪው በሚያውቀው ትምህርት ቤት ከቤቱ እየተመላለሰ ሊፈተን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ጉዞው እንዳለ ይቀጥላል።

ስለ እርማቱ የሚጨነቁ ወላጆች አሉ፤ እርማቱ ግን ድሮም በማሽን ነው። ተማሪው በእርሳስ የሚያጠቁረውን የመልስ ወረቀት ለዓመታት ሲያነብ የኖረው ማሽን ነው። የሚለወጠው የንባቡ ሁኔታ ነው። ተማሪው በወረቀት ሲፈተን ከምንባቡ ቁልፍ ቃላት ሥር ያሰምራል፣ ጥያቄውን አይቶ ወደ አንቀጹ ይመለሳል። በኮምፒዩተር ላይ ግን ምንባቡ ወደ ላይና ወደ ታች መገፋት አለበት፤ ጥያቄውና አንቀጹም በአንድ ጊዜ ላይታዩ ይችላሉ። በተለያዩ ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ሰዎች ረዘም ያለ ጽሑፍን በስክሪን ሲያነቡ በተለይም ጊዜ ሲያጣድፋቸው የመረዳት አቅማቸው በመጠኑ ይቀንሳል። ምንባብ የሚበዛው ደግሞ በእንግሊዝኛው ፈተና ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ገና ሳያነብ ደቂቃዎችን ያጣል። ፊዚክሱም ሆነ ታሪኩ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ችግሩ በሌሎቹ ትምህርቶችም ይከተለዋል።

የራያ ልጅ ወደዚህ ፈተና የሚመጣው ከባድ ዓመታትን አሳልፎ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ክፍል ሳይደግም በ2018 ዓ.ም 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ በ2014 ዓ.ም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ያ ዓመት ሲጀመር ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በነሐሴ፣ ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። በሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፤ ኮምፒዩተሮቻቸውና ቤተ ሙከራዎቻቸውም ተዘርፈዋል። ከዚያ በኋላም የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል።

መብራትም አለ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ የሚያለማ አርሶ አደር ኃይል ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ነጋሪ አያሻውም፤ ፓምፑ ይቆማል፣ ተክሉ ይጠወልጋል። ተክሉ ግን በማግሥቱ ሊጠጣ ይችላል። የፈተና ሰዓት እንዲህ አይታገሥም። ላፕቶፕ በባትሪው የተወሰነ ጊዜ ይሠራል፤ የመረብ መሣሪያው ግን መጠባበቂያ ኃይል ይፈልጋል።

የፊንላንድ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ያች ሀገር የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዋን በ2016 እ.ኤ.አ በጥቂት ትምህርቶች ጀምራ በ2019 እ.ኤ.አ በሒሳብ አጠናቀቀች። ፈተናው የሚሠራው በትምህርት ቤቱ ግቢ ባለ ዋና ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ በፈተናው መካከል ኢንተርኔት ቢቋረጥ ተማሪው መፈተኑን ይቀጥላል። መለማመጃው ፕሮግራምም ለትምህርት ቤቶች በነጻ ተሰጥቷል። ፊንላንድ ከእኛ ጋር የምትወዳደር ሀብታም ሀገር አይደለችም ቢባል እውነት ነው፤ አንድ ዋና ኮምፒዩተርና ጄኔሬተር በየትምህርት ቤቱ ማኖር ግን ሀብታም መሆንን አይጠይቅም።

ውጤቱስ ይሻሻላል? በ2014 ዓ.ም ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ናቸው። መሻሻል አለ፤ ሆኖም ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኙ በላይ ግማሹን ማምጣት አልቻሉም። ኮምፒዩተር ኩረጃን ይቀንስ ይሆናል እንጂ እንግሊዝኛ አያስተምርም። ማሽኖቹ ለፈተናው ሳምንት ብቻ ተከፍተው መልሰው ከሚቆለፉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለንባብ ቢውሉ ሁለቱንም ክፍተት ይሞላሉ።

ስለዚህ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ትምህርት ቤቱን አሁኑኑ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ልጆቹ እስከ ፈተናው ድረስ ለስንት ሰዓት ኮምፒዩተር ላይ ይለማመዳሉ? መብራት ቢጠፋ የባከነው ጊዜ ይካካሳል? ያልተለማመደ ተማሪ በወረቀት እንዲፈተን ዕድል አለው? ከሁሉ በፊት ግን የሞዴል ፈተናው በምን እንደሚሰጥ ይጠየቅ። ሞዴሉ በወረቀት፣ ዋናው ፈተና በኮምፒዩተር ከሆነ ልጁ ማሽኑን የሚተዋወቀው በፈተናው ዕለት ጠዋት ነው።