ዌብሳይት በአንድ ክፍያ አያልቅም

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ትንሽ ወጣ እንበል። በጀት ሲያዝ "ዌብሳይት ማሠሪያ" የምትል አንድ መስመር አስገብቶ የሚያልፍ ላኪና ዩኒየን ብዙ ነው። ይሄ አያዋጣም።

ሰሊጥ ስትገዙ የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ይዛችሁ አትገቡም። ጆንያ፣ ማበጠሪያ፣ መጋዘን፣ ትራንስፖርት ታሰላላችሁ። ዌብሳይትም እንደዚያው ነው። ዶሜይንና ሆስቲንግ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ከውጭ ከተገዙ ደግሞ ክፍያው ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዘንድሮው ብር ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። መጠባበቂያ ያዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ እዩ። በሠሪው ልጅ ስም ከሆነ፣ ልጁ ስልክ አላነሳ ያለ ጊዜ ማደሻው ያልፍና ዌብሳይቱም ኢሜይሉም አብረው ይቆማሉ። ገዥ ናሙና የሚጠይቅበት ኢሜይል ቆመ ማለት ኮንትራት አመለጠ ማለት ነው።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነስ? ሦስት ገጽ ይበቃል፦ ማን ናችሁ፣ ምርታችሁ ከየትኛው ወረዳ በምን ደረጃ ይመጣል፣ በምን ትገኛላችሁ። ጌጣጌጡ ይቅር። በቀረው ብር ገጹን የሚያድስና ለኢሜይል በዕለቱ የሚመልስ ሰው መድቡ። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ ምርት የተለጠፈበት ገጽ ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ገዥው "እነዚህ ዘግተዋል" ብሎ ነው የሚያልፈው።

ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በሁለተኛው ዓመት ስንት እንከፍላለን? መልስ ከሌለው ሌላ ሠሪ ፈልጉ።