የሐምሌ ወዳጅ፣ የመጋቢት ባዳ

ልጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ውሃ ተሸካሚ ነው። ስለ ዛፍ ተካይ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተዘፍኗል፤ እርሱ ምስጋናውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። እርሱ ትቶት የሄደውን ችግኝ በበጋ የሚያጠጣው ሰው ግን እስካሁን ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ «አረንጓዴ አሻራ» እየተባለ ይተከላል። እኔ መትከሉን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ከተከላ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ነው። በእኛ በምዕራብ ጎጃም መስቀል ካለፈ በኋላ ዝናቡ እየራቀ ሄዶ እስከ ግንቦት ድረስ ደኅና አድርጎ አይመለስም። ስለዚህ በሐምሌ ለመትከል ብዙ ፍቅር አያስፈልግም፤ ሰማዩ ራሱ ያጠጣልና። የዛፍ ወዳጅ የሚታወቀው በመጋቢት፣ ምድር ስትሰነጠቅ፣ ፍየልም የሚበላው አጥቶ ሲቅበዘበዝ ነው። በዚያ ወር ግን ፎቶግራፍ አንሺ አይመጣም።

ባለጠጎችና ድርጅቶች «ወጪውን ችለናል» ሲሉ ለምን ለምን እንደ ከፈሉ መርምራችሁ ታውቃላችሁን? ለችግኝ፣ ለካናቴራ፣ በጨርቅ ላይ ለተጻፈ ማስታወቂያ፣ ለታሸገ ውሃ ነው። የታሸገውንም ውሃ የሚጠጣው ተካዩ ነው እንጂ ችግኙ አይደለም። ከዚህም የከፋው አንዳንዱ ሰው ከመቸኰሉ የተነሣ የችግኙን ፕላስቲክ ሳይቀድ ከነልብሱ ይቀብረዋል። ሥሩ ታፍኖ ሲደርቅ «መሬቱ አልተስማማውም» ይባላል።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዛፍ ይሰጠን ነበር፤ መምህሩም ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞረ ደብተራችንን እንደሚያይ አድርጎ ዛፋችንን ያይ ነበር። እኔ ግን ያንን ሥርዓት ተምሬ አድጌ፣ መምህር በሆንሁ ጊዜ ተማሪዎቼን በዝናብ ወደ ኰረብታ አውጥቼ አስተከልሁና ለበላይ አለቃዬ ቁጥሩን ጽፌ ላክሁ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። በመጋቢት በዚያ ሳልፍ ያየሁት ግን የደረቀ ጭራሮ ነው። አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ የእኔ የትኛው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ።

«ማን በየቀኑ ውሃ ተሸክሞ ይኖራል?» ለሚል ሰው ከሩቅ አገር አንድ ምስክር ልጥራ። ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት ጥበብ አላቸው፤ ይኸውም ዛፍን ጥልቀት በሌለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ እየከረከሙ ማኖር ነው። አፈሩ ጥቂት ስለ ሆነ በሙቀት ወራት ጥቂት ቀን የተረሳ እንደ ሆነ ይደርቃል። በዋሽንግተን በሕዝብ የአትክልት ሥፍራ ውስጥ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደዚህ የኖረ አንድ ነጭ ጥድ አለ። ያማኪ የተባለው ቤተሰብ በሂሮሺማ ሲጠብቀው ሳለ በ1945 እ.ኤ.አ. የአቶሚክ ቦምብ ወደቀ፤ ዛፉም ከፍንዳታው ቦታ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ በግንብ ተከልሎ ተረፈ። በ1976 እ.ኤ.አ. ያንኑ ዛፍ ቦምቡን ለጣለችው አገር በስጦታ ሰጧት። ዛሬ በዚያ ሥፍራ በጎ ፈቃደኞች ከሠራተኞቹ ጋር ያገለግላሉ፤ ለዚሁ የተቋቋመ ማኅበርም ገንዘብ ያሰባስባል። 1625 እ.ኤ.አ. ማለት በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ የነገሡበት ዘመን ነው። ከዚያ ጀምሮ በየበጋው ውሃ ያልተቋረጠበት ዛፍ ነው እንግዲህ። እኛ ስድስት ወር አቃተን።

የቅርብ ምስክርም አለ። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለመጠበቅ ሲነሡ ከውጭ የተሰበሰበው ገንዘብ የዋለው ለድንጋይ ካብ ነው። ገበሬው ከእርሻው ድንጋዩን ለቅሞ አወጣ፤ እርሻውም ጠራለት፤ ከብቱም ከደኑ ተከለከለ። ይህ ገንዘብ ለመጠበቂያ የተከፈለ ነበርና ፍሬውን አየን።

ደግሞም ሕዝባችን ዛፍ መጠበቅ አያውቅም የሚሉትን አልቀበልም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ በማንኩሳ በኩል (ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ያውቃታል) ወደ ቡሬ ስትሄዱ በየገበሬው ጓሮ የቆመውን ባሕር ዛፍ ተመልከቱ። ባለቤቱ እያንዳንዱን አጠና ቈጥሮ ያውቀዋል፤ አንዲት ብትጐድል ጎረቤቱን ይጠይቃል። ከመንገድ ዳር የተተከለው የሕዝብ ችግኝ ግን የፍየል ቀለብ ነው። ዕውቀቱ አለ፤ የጠፋው «የእኔ» የሚለው ቃል ነው። በደርግ ዘመን ተራራው ሁሉ በትእዛዝና በእህል ክፍያ ተተክሎ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ሥፍራ የተከለው እጅ ራሱ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ዛሬም በስም ጥሪ ተቈጥሮ፣ የቀረ ይቀጣል ተብሎ የሚወጣውን ሰው «በጎ ፈቃደኛ» ማለት ቃሉን መስደብ ነው።

«ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃም የጥይት ድምፅ ሲሰማ ኖሮ፣ ሰው እየሞተ ስለ ችግኝ ታወራለህን?» የሚለኝ ይኖራል። ቃሉ ከባድ ነው፤ አልንቀውም። የሞተበትን ሰው ችግኝ አጠጣ አልለውም። ነገር ግን ልቅሶ ተቀምጦ የሚያድረውን፣ ድንኳን የሚተክለውን፣ ንፍሮ የሚቀቅለውን እድር አስቡት፤ እድራችን በክፉ ቀን አልፈረሰም። እኔም የምለምነው ይህንኑ ነው። አንድ እድር ሊያደርስ የሚችለውን ያህል ብቻ፣ ሃያም ቢሆን ሠላሳ፣ ዛፍ ይቀበል። ከእናንተ ከወጣቶቹ ተራ የሚገባው ጀሪካን ይያዝ፤ ሥሩን ይኰትኵት፣ ጉዝጓዝ ያልብስ። ባለሱቁና በውጭ አገር ያለው ልጃችን ገንዘብ መስጠት ቢፈልጉ ለችግኝ መግዣ አይስጡ፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት ለአንድ አጥጊ ደመወዝና ለአጥር ይስጡ። ስማቸውም ይጻፍ፤ ግን በመዝገቡ የሚጻፈው በሰኔ መግቢያ፣ ዛፉ ቆሞ ከታየ በኋላ ይሁን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው የወይን ጠባቂ ስለ በለሲቱ የለመነው አንድ ዓመት መኰትኰቻና ፍግ መጨመሪያ ጊዜ ነበር እንጂ ሌላ ችግኝ አልነበረም።

እኔ ጡረታዬ ትንሽ፣ ጉልበቴም የደከመ ስለ ሆነ ሁለት ዛፍ ብቻ ወስጃለሁ፤ አንዱ ወይራ፣ አንዱ ዋንዛ። ረቡዕና ቅዳሜ አጠጣለሁ። ወይራውን አምና ፍየል እስከ ግንዱ በልታው ነበር፤ ዙሪያውን እሾህ ካጠርሁለት ወዲህ ከሥር አቈጥቍጧል። የማልችልበት ቀን የጎረቤቴ ልጅ ትተካኛለች፤ አሁንስ ዋንዛው የእርሷ መሆኑን ነግራኛለች።